ጋቢና ሞልቷል

ልዑልቃል ከቱርሚ ወደ ጂንካ ብቻውን እየነዳ ነበር። ከተማው መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ የእንጨት መቀመጫ በርኩማቸውን ይዘው እጃቸውን ዘረጉለት። አዲሱን የወንበር ልብስ አቧራ እንዳይነካው ብሎ፣ ሾፌሮች እንደሚያደርጉት በእጁ «ሞልቷል» የሚል ምልክት አሳያቸውና አለፈ።

ወዲያው የቀበቶ ማስጠንቀቂያው መጮኽ ጀመረ። የራሱን ቀበቶ ነካ፤ ታስሯል። መብራቱ የሚያሳየው የጋቢናውን ወንበር ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን ምንም የለም።

ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ጥግ ይዞ ቆመ። ከመሪው ስር የሰካትን ትንሽ መሣሪያ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ አፑን ከፈተ። ጋራዥ ሳይሄድ የመኪናውን ድብቅ ሴቲንግ ሁሉ የሚነካካው በዚህ አፕ ነው። «የጋቢና ወንበር፦ ሰው አለ» ይላል። ዘግቶ እንደገና ከፈተው። ሰው አለ።

የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ከአፑ ላይ አጠፋው፤ መኪናው ዝም አለ። እስከ ቀይ አፈር ከተማ ድረስ ግን አንዴም ወደ ቀኙ አልዞረም።

ቀይ አፈር ላይ የጎረቤቱ ሚስት ሙሉሽ ቅርጫቷን ይዛ መኪና ስትጠብቅ አገኛት። ሰው በማግኘቱ ትንፋሹ መለስ አለለትና አጠገቧ ቆመ።

«ነይ ግቢ፣ ጋቢና ባዶ ነው» አላት በመስኮቱ።

ሙሉሽ በሩን ከፈተች። ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ቆም አለች፤ ከዚያ እንደ ማፈር ብላ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ኧረ አይነሱ አባባ፣ በጌታ» አለች። «እኔ ከኋላ እገባለሁ።»