ሰንጢ የምትመርጠው ሴትዮ

ሴትየዋ ሱቁ በር ላይ የደረሰችው ከቀትር በኋላ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነበር። አንድ እግሯን አስገብታ ቀጥ ብላ ቆመች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በእጇ ከመድኃኒት ቤት የሚሰጠውን ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዛለች።

ሰውየው ከባንኮኒው ጀርባ አጎንብሶ ከመሳቢያው ጋር ይታገል ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

"ምን ልታዘዝ፣ እትዬ?" አለ ጉጠቱን እያስቀመጠ። "ይሄ መሳቢያ ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ሲያስቸግረኝ ዋለ።"

ሴትየዋ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞራ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም። ከዚያ ባንኮኒው ላይ የተዘረገፉትን ሰንጢዎች ተመለከተች።

"ሰንጢ ፈልጌ ነበር" አለች። ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። "ሦስት ቢሆኑልኝ። ለወንድሞቼ ነው። ግን ያለኝ አምስት መቶ ብቻ ነው።"

ነገሯ አላማረውም። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ዕቃ ያያል እንጂ መንገድ አያይም። ቢሆንም ፊቱን ፈታ አድርጎ አንዷን ወደ እሷ ገፋ።

"ይቺን ይውሰዱ። እጀታዋ ቀንድ ነው። ጥፍር መሞረጃም አላት።"

ሴትየዋ ሰንጢዋን ከፍታ ስለቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና መልሳ ገፋቻት። "ይቺ ቅቤም አትቆርጥ።"

አንዱን ባለ ጥቁር እጀታ አነሳች። ሲከፈት ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። በያዘችው ከረጢት ጠርዝ ላይ ብታሳርፈው ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ።

"ይሄ አንድ" አለች።

"ስለታሙን ነው የሚፈልጉት?"

"ስለታሙን ብቻ።"

"ወንድሞችዎ ሥራቸው ምንድን ነው?"

ሴትየዋ አሰብ አደረገች። "ሥራ የላቸውም።"

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

"ስንት ነው?" አለች።

ሰንጢውን ዋጋው ተጽፎበት እንደሆነ ያህል አገላብጦ አየው። "መቶ ሃያ።"

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። "መቶ ሃያ? ይሄ?"

"ተወደደብዎት? እሺ፣ መቶ ይሁን።"

ሴትየዋ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይኗን ጨፈነች። "መቶ ሃያው ይሻላል" አለች። "ሰው ለፍቶበት አይደል እንዴ።"

በዕድሜው ዋጋ ወደ ላይ የሚከራከር ገዢ አይቶ አያውቅም። ጤነኛ አይደለችም ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ ሐሳቧ ሰንጢው ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ያቀረበላት መቀስም፣ ጣሳ መክፈቻም፣ ቡሽ መንቀያም የተሰካበትን ነበር። "ይሄ ባለ ብዙ ሙያ ነው" አለ። "ሦስት መቶ።"

"ስለቱስ?"

ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ሴትየዋ ያን ትታ ረጅም ምላስ ያለውን ባለ እንጨት እጀታ መረጠች። ዋጋው መቶ ሃምሳ ነው አላት። በረጅሙ ተነፈሰችና ሁለተኛ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ሌላ የሚቆርጥ ነገር የለም?"

"እስቲ መጋዘኑን ልይ" አለና ጥግ ላይ ወዳለው ጠባብ በር ሄደ።

"ቀስ በል፣ መጥረጊያው..." አለች ሴትየዋ።

ሳትጨርሰው ሁለት መጥረጊያና አንድ ባልዲ ግንባሩ ላይ ተናዱ።

ሰውየው ግንባሩን እያሸ ቆመ። እንዴት አወቀች? ይቺ ሴትዮ ይህን ሱቅ አጥንታዋለች። ዛሬ የመጣችው ልትዘርፈው ነው። እንዲህ ቆማ ፊት ለፊት! የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ አለ በሆዱ። ሮጥ ብሎ ወደ ባንኮኒው ተመለሰና ዕቃውን ሁሉ በክንዱ ወደ ራሱ ሰበሰበ።

ሴትየዋ ግን ዕቃውን አላየችም። የምታየው እሱን ነበር።

"ኪስህ ውስጥ ያለውስ?"

ሳያስበው የጃኬቱን ኪስ ጨበጠ። "ይሄ... ለራሴ ያስቀረሁት ነው።"

"እስቲ አሳየኝ።"

እያመነታ አወጣው። እጀታው ነሐስ ነው፣ ስለቱ ፀጉር ይሰነጥቃል። እዚያ ከነበሩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

"እሱን ነው የምፈልገው" አለች።

"አይሸጥም።"

"ሱቅ ውስጥ ቆመህ አይሸጥም ይባላል እንዴ፣ የኔ ልጅ?"

እውነቷን ነው። እንዲህ ብሎ ድርቅ ያለ ነጋዴ ማን አይቶ ያውቃል? ደግሞም ይቺን ሴትዮ ከፊቱ የሚያርቅለት ነገር ቢሆን ጃኬቱንም ጨምሮ በሸጠላት ነበር።

"ሁለት መቶ" አለ። "ከዚያ በታች አይሆንም።"

ሴትየዋ አንዴ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ አምስቱን መቶ አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ሦስቱን ሰንጢ በሻሿ ጠቅልላ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። አልሄደችም።

"ምን ቀረ?" አለ ሰውየው።

"ሠላሳ መልስ አለኝ።"

ወደ መሳቢያው እጁን ሰደደና ተወው። ከገዛ ኪሱ የተጨማደደ ገንዘብ አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለች፣ ቆጠረች፣ ከረጢቷን አነሳች። ድምጿ አሁን መንቀጥቀጡን ትቷል።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

"ደግሞ ይምጡ፣ እትዬ" አለ፣ ከልቡ እፎይ እያለ።

"እመጣለሁ። አንተ ብቻ እንዳትሄድ።"

ሴትየዋ ወጣች፤ የብረቱን መዝጊያ በሁለት እጇ ጎትታ ገጠመች፤ ከደረቷ ቁልፍ አወጣችና የገዛ ሱቋን ቆለፈችበት።