ታማሚና አስታማሚ

ሠላሳ ዓመት ሲጋራ ያጨሰው ሰውዬ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ሳንባዬን አውቀዋለሁ፤ አልገባም!» አለ እያሳለ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ሳቀችበት። እሷ እንኳን ልታጨስ፣ እሱንም ከአጥር ውጭ ነበር የምታስጨሰው። «አንተ ፈሪ! በል እኔ ቀድሜ ራጅ ልነሳና እይ» ብላ ገባች። አፍሮ ተከተላት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ የሁለቱንም ፊልም ደጋግሞ አየና፣ «ታማሚ ውጭ ይጠብቅ፤ አስታማሚ ይቆይልኝ» አለ።

ሰውዬው ክው አለ። ክፉ ወሬ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው እንደማይነገር ያውቃል። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ በሩ አዘገመ።

ሐኪሙ ክንዱን ያዘው።

«አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ። የሚወጡት እሳቸው ናቸው።»