ገጽ ሦስት ላይ ያለው ድልድይ

«ጋሽ ገብረሃንስ፣ እንግዲህ እንደ ልማዳችን ይመርቁልንና እንጀምር» ትላለች ኣርያም፣ ማይኩን ወደ አፌ እያስጠጋች። የአቶ ያፌት የምርጫ አስተባባሪ ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ መቸኮሏን ግን ጣቶቿ ያሳብቃሉ።

እሑድ ከሰዓት ነው። ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ በእድራችን ድንኳን ሥር ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቷል። ከሁሉም ቀድሞ የዘረጋው ግን መድረኩ ላይ ያለው የፓርላማ ተወካያችን አቶ ያፌት ነው፤ አንገቱንም ደፋ አድርጓል። ሁለት ጊዜ መርጠነዋል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ምረጡኝ ሊለን ነው የመጣው።

እኔ እጄ አልነሣ አለኝ።

ያደሉን ብሮሸር ጉልበቴ ላይ አለ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፣ ማንበብ ግን አያቅተኝም፤ ጡረታ እስክወጣ ላምበረት መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ገጽ አንድ፣ «በመጀመሪያው ምርጫ ስልሳ አራት ከመቶ፣ በሁለተኛው ሰባ ዘጠኝ ከመቶ» ይላል። ገጽ ሁለት ላይ የቋሚ ኮሚቴ አባልነቱ፣ የውጭ ጉዞው፣ የምስክር ወረቀቱ ተደርድሯል። ገጽ ሦስት ላይ አቶ ያፌት ቢጫ ሄልሜት አድርጎ ድልድይ ላይ ቆሟል። ከሥሩ «በተወካያችን ብርቱ ክትትል የተሠራ» ተብሎ ተጽፏል።

የድልድዩ መደገፊያ አረንጓዴ ነው።

ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን የሚስባህ ሱቅ በር ቀለም ነው። በሩን ቀብቶ የተረፈውን ይዞ መጥቶ፣ ተንበርክኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀባው እሱ ራሱ ነው። እንጨቱን የተሸከምነው፣ ብረቱን ያስበየድነው እኛ የእድሩ ሰዎች ነን። የሠራነውም የሚስባህ ልጅ ነኢማ ከሞተች በኋላ ነው። ነኢማ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ማለዳ ለፈረቃዋ ስትቸኩል፣ ወንዙን በድንጋዮች ላይ እየረገጠች ልሻገር ስትል ጎርፉ ወሰዳት።

ልጆቼ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ይህን ሰው ሁለቱንም ጊዜ የመረቅሁት እኔ ነኝ፤ በዚሁ ድንኳን። በመጀመሪያው «ድልድይ የለንም፣ ሴቶቹ ወንዙ ውስጥ ገብተው ነው የሚሻገሩት» ስንለው ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። በሁለተኛው ሲመጣ ሌላ አዲስ ደብተር አውጥቶ ያንኑ ጻፈ። ያኔ ሚስባህ ሊጠይቀው እጁን ሲያወጣ በዓይኔ ገሥጬ ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ የመረቀውን ሰው መሞገት እኛ ጋ ነውር ነው። አሜን ብለን ወደየቤታችን ገባን። ነኢማ ያለፈችው በዓመቱ ነው። እነዚያ ከመቶ ምናምን የሚሉ ቁጥሮች ውስጥ የእኔ አፍ አለበት።

ሚስባህ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ብሮሸሩን ይዟል፤ ገጽ ሦስት ላይ እንደተገለጠ ነው። ሌላውን እጁን እንደ ሰው ሁሉ ዘርግቷል። ብመርቅ አሚን ይላል። እኔን ስለሚያከብር ይላል።

«አባታችን፣ ሰው እየጠበቀ እኮ ነው» ይላል አቶ ያፌት፣ ፈገግ ብሎ።

«ድልድዩን ማነው የሠራው፣ ያፌት?»

እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምለው። ማይኩን ከኣርያም እጅ ወስጃለሁ፤ ክፍት ስለሆነ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማል።

«ሁላችንም ነና አባቴ። እናንተ ከታች፣ እኔ ከላይ ሆኜ ገፋን።»

«ከላይስ ጎርፉ ብቻ ነው የመጣልን።»

ከኋላ አንድ ሰው ይስቅና ሳቁን ዋጥ ያደርገዋል።

«የሥራ ጫና እያለብኝ እንኳ በቦታው ተገኝቼ...»

«አንድ ቀን ተገኝተሃል። ፎቶ የተነሣህ ለታ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ሱሪህን ነካህ። ሚስባህ ነው ቤንዚን በጨርቅ ይዞ መጥቶ እግርህ ሥር ቁጢጥ ብሎ የጠረገልህ። የማን አባት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኸውም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ኣርያም ማይኩን ልትቀበለኝ እጇን ትሰዳለች። «ጋሼ፣ በናትዎ፣ ጥያቄ በኋላ ነው። መጀመሪያ ምርቃቱ ይቅደም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ነው ያደረግነው። አንቺን አልተቆጣሁም።»

ተነሥቼ ጀርባዬን ለመድረኩ እሰጣለሁ። እጄ አሁን ይነሣል።

«ያንን እንጨት የተሸከማችሁ፣ ትከሻችሁ አይዛል።»

«አሜን።»

«በዚያ ድልድይ የምታልፍ ልጅ ሁሉ በሰላም ወጥታ በሰላም ትግባ።»

«አሜን።»

«ነኢማን ፈጣሪ በገነት ያኑርልን። ለአባቷ ጽናቱን ይስጥልን።»

ድንኳኑ በአሜን ይናወጣል። ሚስባህ አሁን ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቷል። ብሮሸሩ ከእጁ ወድቋል።

ዞር ስል አቶ ያፌት መዳፉን እንደዘረጋ ነው፤ የራሱን ድርሻ ይጠብቃል። ማጠፍም አፍሮ፣ እንደተዘረጋ መተውም አፍሮ።

ምርቃቱ አልቋል። ከኋላ ሚስባህ ቀስ ብሎ እጁን ያወጣል። እንዳለፈው ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ዓይን ነው።

ማይኩን ለኣርያም አልመልስም። ከፊቴ ለተቀመጠችው ሴት አቀብላታለሁ። እሷም ከኋላዋ ላለው። እስካሁን ባልታጠፉት መዳፎች ላይ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ፣ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይሄዳል።