ትእዛዝ የሚዘገይበት ልብ

የአውቶቡስ ሹፌሩ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደረጃውን አጋምሶ ቆም ይልና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ሚስቱ ከላይ ሆና ታየዋለች። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይቀጥል ነበር፣ የስምሪት አለቃው ባይመጣበት። ሹፌሮቹ «ጥሩምባ» የሚሉት ይህ አለቃ የልብ ምርመራ አድርጎ «ብቁ ነው» የሚል ማኅተም ያላመጣ ሁሉ ቁልፉን እንዲያስረክብ ለፈፈ። ሹፌሩ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም። ሚስቱም ትምህርቷን አቋርጣ ነው ትዳር የያዘችው፤ ከልጅ ሌላ በእጇ ምንም የላትም። ባልና ሚስት እሑድን ሙሉ ሲመካከሩ ዋሉ።

ሰኞ ማለዳ ሕፃኑን አዝላ፣ ሰውየውን አስከትላ ሐኪም ቤት ደረሰች።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መታወቂያውን አየች፤ ቀና ብላ ሰውየውን አየች።

«ጢሙ ሲነሳ ልጅ ሆነ እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ አንድ ሕፃን አልበቃ ብሎኝ ነው» አለች የሹፌሩ ሚስት። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። «መጀመሪያ እዚያ ክፈሉ» ይሏቸዋል፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ «መጀመሪያ እዚህ አስመዝግቡ»። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተንጨረጨረ። ስም ተጠራ። ሰውየው ግድግዳውን እያየ ቁጭ ብሏል። እንደገና ተጠራ። በክርኗ ጎሸመችው።

«ሲጠሩህ አትሰማም እንዴ?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለና ብድግ አለ።

ነርሱ ደረቱ ላይ ሽቦዎቹን ለጣጠፈ። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አየ፤ ሽቦዎቹን ነቅሎ እንደገና ለጠፈ። ሁለተኛውንም አየ።

«ምነው ወንድሜ?» አለች።

«ዶክተሯ ትነግራችኋለች።»

ዶክተሯ ወረቀቱን ዘርግታ ጠየቀች፤ «ድካም ይሰማዎታል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ራስ ማዞር? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር?»

«እኔን? ኩንታል ተሸክሜ እየወጣሁ!»

የሹፌሩ ሚስት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥ አደረገችው። ዶክተሯ ሥራ ለማግኘት ብሎ የማይዋሽ በሽተኛ አይታ አታውቅም። ወደ ሴቲቱ ዞረች።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ እህቴ። ሲተኛ ትራስ ይደራርባል?»

አፏን ከፈተችና ዘገየች። «አንድ ነው» አለች በመጨረሻ። ፊቷ ጋለ።

ዶክተሯ አላመነችም። ነርሱን አስከትላ ደረጃ ላይ ሰደደችው። ሰውየው እያፏጨ ወጥቶ እያፏጨ ወረደ። የሚያለከልከው ነርሱ ነበር።

«ይኸው!» አለች የሹፌሩ ሚስት። «እንግዲህ ማኅተሟን ያሳርፉልን።»

«በአልትራሳውንድ ሳናየው አይሆንም።»

የአልትራሳውንዱን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል ተባለ። በማግስቱ መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ተሟላ፤ ያላለቀ ነገር ቢኖር የእሷ ንዴት ብቻ ነበር። ተራ የሚያስጠብቀውን ዘበኛ፣ ጥሩምባን፣ የልጇን ለቅሶ፣ የራሷን ምላስ ጭምር ጠላች።

ዶክተሯ በዝግታ አስረዳች። «ልብ የኤሌክትሪክ መስመር አላት። ምቺ የሚለው ትእዛዝ በዚያ ይሄዳል። የእርስዎ የግራው መስመር ተዘግቷል፤ ግራው ጎን ትእዛዙን የሚሰማው በዙሪያ ጥምጥም፣ ዘግይቶ ነው። ሁለት ሰው ብርድ ልብስ ሲያራግፍ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ቢያወርድ እንደማለት ነው። ይህ ነገር ኖሮበት ልቡ ደህና የሆነ ሰው ሞልቷል። የእርስዎ ግን ደም የመግፋት ኃይሏ በጣም ወርዷል።»

«ምንም አላመመኝም እያለዎት!» ብላ ጮኸች የሹፌሩ ሚስት። ሕፃኑ ደነገጠ። «መሣሪያችሁ ነው የታመመው!»

«ደግመን አይተነዋል። አለማመሙ እኮ ነው ክፋቱ፤ ያመመው ሰው በራሱ እግር ይመጣል።»

«ጉሮሯችንን እኮ ነው የሚዘጉት፣ ዶክተር!»

«መሪ እንደያዘ ቢወድቅስ? መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምር። ከባድ ነገር እንዳያነሳ። ማኅተም የለም።»

መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ሄደች። «ሌላው ቢሆን እሺ። አንተ? አንተ እኮ በሬ ነህ!»

«የእነሱ ወሬ ነው፣ ተይው» አለ ሰውየው። ግን እየሄደ ደረቱን በእጁ ዳሰሰ፤ ኪሱ ውስጥ የሰው ዕቃ እንዳገኘ ሰው።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ እጁን ዘረጋ። «እትዬ፣ ልጁን አምጪው።»

«አትሸከም ተብለህ የለም!»

«ይሄ ሸክም ሆኖ ነው?» ሕፃኑን ትከሻው ላይ አወጣ፣ ዘንቢሏን ከእጇ ነጠቀ፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ከኋላው «ቀስ በል! ኧረ ቀስ በል!» እያለች ተከተለችው። አንድም ቦታ ሳይቆም ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩን አንኳኳ።

የከፈተላቸው ባሏ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «እህሳ፣ ታናሼ... አሳለፍከኝ?» አለ።