ዝም የሚል ላፕቶፕ

«ሬዲዮኑን ዝጋልኝ» አለች ጡረተኛዋ መምህርት፣ ጆሮዋን ከላፕቶፑ ጎን ሳታነሳ።

ሻጩ ዘጋው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ብየዳ ቤት ግን የሚዘጋ አልነበረም። ብረት ይጮሃል፣ መንገዱ ላይ ሾፌሮች ጡሩንባ ይነፋሉ፣ እሷ ደግሞ ከኮሽታ ያነሰ ድምፅ ለመስማት ዐይኗን ጨፍናለች። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ስድስተኛ ሱቋ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሁሉ ስለ ፍጥነቱና ስለ ስክሪኑ ይለፈልፍላታል፤ ዝም ይላል ወይ ብላ ስትጠይቅ ግን ዐይን ዐይኗን ያያታል።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጥይት ነው» አለ ሻጩ። አራተኛ ክፍል ያስተማረችው ነው፤ ያኔም አፉ አያርፍም ነበር።

«ፍጥነት ማን ጠየቀህ? ፋኑ ይጮሃል።»

«ፋን የሌለው ከየት ላምጣልዎት?»

«የሚጮህ አልፈልግም አልኩህ እንጂ የሌለው አምጣ አላልኩህም። ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ጥያቄውን ሳትሰማ ነው የምትመልሰው?»

ብስጭቷ በእሱ ላይ አልነበረም። ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ለሚገለገሉበት ቤተ መጻሕፍት የታሪክ መጽሐፍ እያነበበች ትቀዳለች፤ እቤቷ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ ከልብሶቹ መሃል ተቀምጣ። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በማለዳ የሚያስነሳት ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ቅጂዋን ሁለት ጊዜ ከማስታወሻ ጋር መልሶባታል። «ድምፅዎ ግሩም ነው፤ ከኋላው ግን እንደ ንፋስ ያለ ነገር ይሰማል» ይላል ማስታወሻው።

ማይክሮፎኑን ቀየረች፤ ያው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደች፤ ያው። የቀረው ሲሠራ የሚያጓራው አሮጌ ላፕቶፕ ነውና ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ደፈደፈች። እስከ ቅዳሜ ንጹሕ ቅጂ ካላመጣች መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ይሰጡታል። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግባት ለማንም አልተናገረችም።

«ከኋላ ክፍል የለህም?»

«ዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ቲቸር። አቧራ ብቻ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የጠመኔ አቧራ ስቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ክፈትልኝ።»

ሦስት ላፕቶፖች ታቅፋ ገባች። ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ መስኮት የለም። በሩን ዘጋች፣ ሹራቧን አውልቃ በሥሩ ወተፈችበት። ብየዳው ድምፁ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ የለመነችው ጸጥታ ይኸው ተገኘ።

ካርቶን ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ከፈተች። እንደ ወፍጮ አጓራ። አጠፋችው። ሁለተኛው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና እሱም ማጓራት ጀመረ። እሱንም አጠፋችው። ሦስተኛውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልፉን በዳበሳ ተጫነች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችው።

ቀጭን ንፋስ። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ራሱ ነው፤ ማስታወሻው ላይ የተጻፈው። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ።

«ይሄኛውም ያው ነው» አለች በበሩ አሻግራ። «አንድ እንኳ ደህና ዕቃ የለህም?»

«የትኛው?»

«ጥቁሩ። ጠርዙ የተላጠው።»

«እሱማ ባትሪው ሞቷል፣ ቲቸር። ካልተሰካ አይነሣም። ቻርጀሩ እዚህ እኔ ጋ ነው።»

ዐይኗን ገለጠች። ስክሪኑ ጥቁር ነው። እጇን ከሥሩ ሰደደች፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ንፋሱ ግን አሁንም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ደረቷ አብሮት ከፍ አለ።

ትንፋሿን ያዘች። ንፋሱ ቆመ።

ለቀቀችው። መጣ።

«ቻርጀሩን ላምጣልዎት?» አለ ሻጩ፣ በሩ ላይ ቀረብ ብሎ። «ቲቸር?»

እንደገና ያዘችው። የጠፋውን ላፕቶፕ እንዳቀፈች፣ የቻለችውን ያህል ዝም አለች።