ሙሌቱ እስኪደርቅ

የውጭው አየር ከተመረዘ ወዲህ ሕንፃው የሚተነፍሰው ጣሪያው ላይ በተተከለው አየር ማጣሪያ ማሽን ነበር። ማሽኑን የተሸከመው የአርማታ ወለል ሲሰነጠቅ እንድትጠግነው የተጠራችው እዚያው የምትኖረው ዘርፌ ናት። ስንጥቁ ብረቱ ድረስ ዘልቋል። ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው የሲሚንቶ ሙሌት እንዲይዝ ንዝረቱ መቆም፣ ማሽኑም መጥፋት አለበት። ሙሌቱ እስኪደርቅ ያለ ማሽኑ መቆየቱን ጤነኛ ሰው ይችለዋል፤ ደረታቸው የታመመው አባቷ ግን አይችሉም።

«ካላጠፋሁት ወለሉ ከነማሽኑ ሰው ላይ ይወርዳል፣ አባዬ» አለች ትራሳቸውን ከፍ እያደረገች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አጥፊው ልጄ።»

ወጥታ አጠፋችው። ስንጥቁን ሞልታ ስታበቃ ሮጣ ወረደችና እጃቸውን ያዘች። ሙሌቱ ደርቆ ማሽኑ ዳግም ሲነሳ መጋረጃው ተርገበገበ፤ የአባቷ ደረት ግን አልተነሳም።

ጎረቤቶቿ በሩን አንኳኩ። «ዘርፍዬ፣ ተረፍን እኮ! እግዜር ይስጥሽ!»

«አብሮ ይስጠን» አለች፣ አልጋውን እንዳያዩት በሩን በሰውነቷ ጋርዳ።