ዕጢዋ የከሰመላት አይጥ

«ለብቻዋ ያወጣሃት ልትለቋት ነዋ! እሰይ፣ ይገባታል!» አለች የተመራማሪው ታላቅ እህት፣ በቤተ ሙከራው ኮሪደር ይዞት በሚያልፈው የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ጎንበስ ብላ አይጧን እያየች። የመጣችው በቀጥታ ከሐኪም ቤት ነበር። የእሷም ዕጢ ጉበቷ ድረስ ስለዘለቀ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ማቆማቸውን ነገሯት፤ እሷ ግን ቤቷ ገብታ እንደማልቀስ የሰው ሥራ ልታስፈታ መጣች። እሱም ያጽናናት መስሎት፣ አዲሱን የዕጢ ክትባት ከተወጉት አይጦች መካከል የዚህችኛዋ ብቻ ዕጢ መክሰሙን ገና ከበሩ ላይ አወራላት። ምነው አፉን በያዘው!

«መልቀቅ እንኳ አይደለም፣ እትዬ» አለና ሳጥኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ሰውነቷ ዕጢውን ምን ያህል እንደተዋጋው መለካት አለብን። የሚለካው ደግሞ ከጣፊያዋ ነው።»

«ጣፊያዋን ሰጥታ ትኖራለች?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አይጧ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ቀጠሮ እንደረፈደባት ሴት ፊቷን በሁለት እጇ ቶሎ ቶሎ ታብስ ነበር። እህቱ ጣቷን የክዳኑ ቀዳዳ ላይ አሳረፈች፤ አይጧም ማበሱን ትታ አሸተተቻት።

«ያልዳኑትስ?»

«እነሱም» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

እህቱ ጣቷን ቀስ ብላ አነሳችና የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እንግዲያው እኔ ሳይታሰብ የዳንኩ እንደሆነ» አለችው፣ «ለአለቃህ እንዳትነግር።»